በእርግዝና ወቅት የሚከሰት ማቅለሽለሽ፦ የእጅ አንጓን መጫን ምን ያህል ይረዳል? ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባውስ መቼ ነው?

ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከአሥር ነፍሰ ጡር እናቶች ሰባቱን ወይም ስምንቱን የሚያጋጥም የእርግዝና መጀመሪያ ምልክት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባ ከቀረ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ይጀምራል፣ በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ በብዙዎቹ እናቶች ዘንድ ይተዋል። በተለምዶ የጧት ሕመም ይባል እንጂ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ፣ ማታም ሊብስ ይችላል።

ከመካከለኛ መጠን ያልበለጠ ማቅለሽለሽ ፅንሱን አይጎዳም። ይህ ማለት ግን ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ዞን የደባይ ጥላት ግን ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቁይና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የምትኖር እናት በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወራትም ውሃ ትቀዳለች፣ ምጣድ ትጥዳለች፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት ማሳ ላይ ትውላለች። እርግዝናው ገና ስላልታየ ሥራ የሚያቃልልላት ሰው አይኖርም። ብዙ ሴቶች በእነዚህ ወራት እርግዝናቸውን ለቅርብ ሰው እንኳ አይናገሩም። ስታስመልስ የሚያያት አማት ወይም ጎረቤት «ወግ ነው፣ እኛም እንዲሁ ነበርን» ትላለች። አነጋገሩ በአብዛኛው እውነት ነው። አስቸጋሪው ነገር ወግ ያልሆነውም፣ ማለትም ሰውነትን አድርቆ ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጠው ማስመለስ፣ በዚሁ አነጋገር ተሸፍኖ መቅረቱ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእጅ አንጓ ላይ ያለ አንድ ነጥብን መጫን ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግስ የሚገልጹ ምክሮች በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት ይሰራጫሉ። ዘዴው አኩፕሬዠር ይባላል፤ መርፌ የሚጠቀመው ወገኑ ደግሞ አኩፓንክቸር ነው። ምክሩ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የተነገረለትን ያህል ኃይል ያለውም አይደለም።

የማቅለሽለሹ መንስኤ

ለረጅም ጊዜ መንስኤው በእርግዝና ወቅት ከፍ የሚሉት ሆርሞኖች ብቻ እንደሆኑ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ይፋ የሆነ የብሪታንያ፣ የአሜሪካና የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች የጋራ ጥናት ግን ጂዲኤፍ15 የተባለ ሆርሞን ዋነኛ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ይህን ሆርሞን ፅንሱና የእንግዴ ልጁ ወደ እናቲቱ ደም ይለቁታል፤ በአንጎል ግርጌ ያለውን የማስመለስ ማዕከልም ይቀሰቅሳል። ከእርግዝና በፊት በደሟ ውስጥ የሆርሞኑ መጠን ዝቅተኛ የነበረ ሴት ሰውነቷ ስላልለመደው ይበልጥ ትታመማለች።

ከዚህ ግኝት ለቤተሰብ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ማቅለሽለሹ የስንፍና፣ የመቅበጥ ወይም እርግዝናውን ያለመፈለግ ምልክት አይደለም። ከአካል የሚመነጭ ሕመም ነው። በቤተሰቧ ውስጥ በብርቱ የታመመች እናት ወይም እኅት ያላት ሴት፣ እንዲሁም መንታ ያረገዘች ሴት፣ ከሌሎች ይበልጥ ልትታመም ትችላለች።

የእጅ አንጓ ነጥብ አጫጫን

አኩፓንክቸርና አኩፕሬዠር ከጥንታዊው የቻይና ሕክምና የመጡ ናቸው። በዚያ ሕክምና አስተሳሰብ በሰውነት ውስጥ የሕይወት ኃይል የሚዘዋወርባቸው መሥመሮች አሉ፤ በመሥመሮቹ ላይ ያሉ ነጥቦችን በመርፌ መንካት ወይም በጣት መጫን የተዛባውን ኃይል ያስተካክላል። ዘመናዊ የአካል ጥናት እነዚህን መሥመሮች አላገኛቸውም። ለማቅለሽለሽ የሚጠቅሰው ነጥብ በቻይንኛ ነይጓን ይባላል፤ ትርጓሜውም የውስጥ በር እንደ ማለት ነው። በዓለም አቀፍ አጠራር ፒ6 ይሉታል። በነጥቡ ሥር ወደ እጅ መዳፍ የሚወርድ ትልቅ ነርቭ ያልፋል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች የሚሰማው ለውጥ በዚህ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል በሚሄድ ስሜት አማካይነት ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አላቸው።

ነጥቡን ለማግኘት የአንድ እጅ መዳፍ ወደ ላይ ይዘረጋል። የሌላው እጅ ሦስት ጣቶች፣ ማለትም አመልካች ጣት፣ የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት፣ ተጣብቀው በእጅ አንጓው ላይ አግድም ይጋደማሉ። የቀለበት ጣት መዳፍና ክንድ በሚገናኙበት እጥፋት ላይ ያርፋል፤ አመልካች ጣት ወደ ክርን በኩል ይሆናል። ነጥቡ በአመልካች ጣት ጠርዝ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። ጅማቶቹ ካልታዩ እጅን ጨበጥ አድርጎ አንጓን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ማጠፍ ያወጣቸዋል።

ቦታው ከተገኘ በኋላ በአውራ ጣት ጠበቅ ተደርጎ፣ ሳያሳምም፣ ጣቱን በትንሽ ክብ እያዞሩ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መጫን በቂ ነው። ከዚያም በሌላው እጅ ይደገማል። በቀን ብዙ ጊዜ ማድረግ ይቻላል። ጧት ከመኝታ ከመነሳት በፊት፣ ምግብ ከማብሰል በፊት፣ እንዲሁም በመኪና ከመጓዝ በፊት መጫኑን የሚመርጡ አሉ። የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ ለምታቋርጥ እናት ይኸው ነጥብ ለመንገድ ማቅለሽለሽም የሚሞከር መሆኑን ማወቅ አይጎዳም። ነጥቡን የሚጫን ጉብ ያለ ቁልፍ ያለው የላስቲክ አምባር በውጭ አገር ይሸጣል፤ በጣት ከመጫን የተለየ ጥቅም የለውም። በገመድ ወይም በጨርቅ አንጓን አጥብቆ ማሰር ግን የደም ዝውውርን ስለሚያግድ መደረግ የለበትም።

አንድ ጥንቃቄ መጨመር ያስፈልጋል። ሌሎች ነጥቦችን ያለ ባለሙያ መሞከር አይመከርም። በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ሥጋማ ቦታና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ነጥብ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ምጥን ለማነሳሳት የሚጠቀሱ ናቸው። ጉዳት ማድረሳቸው በጥናት አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን እርግዝናው ሳይደርስ እነርሱን የሚነካ ሰው የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ጥናቶች ያሳዩት

በዚህ ነጥብ ላይ የዘመናዊ ሕክምና ትኩረት የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት ከተማ የሚሠሩ የሰመመን ሕክምና ባለሙያዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማስመለስ ከሞከሩት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የነፍሰ ጡር እናቶችን ውጤት አሳተሙ። ነጥቡን የተጫኑ እናቶች ካልተጫኑት ያነሰ ማቅለሽለሽ እንደተሰማቸው ገለጹ።

በኋላ የመጣው የአውስትራሊያ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው በዚህ ጥናት 593 በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ያሉ ሴቶች በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የቻይና አኩፓንክቸር፣ ሁለተኛው በፒ6 ነጥብ ላይ ብቻ መርፌ፣ ሦስተኛው ትክክለኛ ነጥብ ባልሆነ ቦታ የማስመሰያ መርፌ አገኘ፤ አራተኛው ምንም አልተደረገለትም። አኩፓንክቸር ያገኙት ምንም ካልተደረገላቸው ይልቅ ማቅለሽለሻቸው ቀነሰ። ሆኖም የማስመሰያው መርፌ የተወጋባቸውም፣ ትንሽ ዘግይተው እንጂ፣ እንዲሁ ተሻላቸው። ስለዚህ ከመሻሻሉ የተወሰነው ድርሻ ከነጥቡ ሳይሆን ከእረፍቱ፣ ከተደረገው እንክብካቤና ከተስፋው የመጣ ነው ማለት ያስኬዳል። ለታመመች እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን መድኃኒት ተገኘ ብሎ ለማወጅ አያበቃም።

በ2015 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም ከ5,400 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 41 ጥናቶች ገምግሞ፣ ከተሞከሩት ዘዴዎች የትኛውንም በእርግጠኝነት ለመምከር የሚያበቃ ጥራት ያለው ማስረጃ አላገኘም። በእጅ አንጓ መጫን ላይ ያለው ማስረጃ ውስን ሲሆን የዝንጅብሉም እርስ በርሱ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይና 13 ሆስፒታሎች 352 መካከለኛና ብርቱ ማቅለሽለሽ ያለባቸው ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል። አኩፓንክቸርም ሆነ ዶክሲላሚንና ፒሪዶክሲን የተባለው ጥምር መድኃኒት ከማስመሰያ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል፤ የልዩነቱ መጠን ግን መጠነኛ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል ምክረ ሐሳብ በእርግዝና መጀመሪያ ለሚከሰት ማቅለሽለሽ ዝንጅብል፣ ካሞሚል፣ ቫይታሚን ቢ6 ወይም አኩፓንክቸር እንደ እናቲቱ ምርጫና እንደ አካባቢው አቅርቦት መጠቀም እንደሚቻል አስቀምጧል። «እንደ አካባቢው አቅርቦት» የሚለው ሐረግ ለቁይ እናት ወሳኝ ነው።

መርፌ፣ ጣትና ዝንጅብል በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ አኩፓንክቸር ይበልጥ የታወቀው ከቻይና በሚመጡ የሕክምና ቡድኖች በኩል ነው። ቡድኖቹ ወደ አገሪቱ መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሚያገለግሉት ባለሙያዎች የአኩፓንክቸር ሐኪሞችንም ያካትታሉ። ሕክምናው ግን በወረዳ ጤና ጣቢያዎች ከሚሰጡት መደበኛ አገልግሎቶች ውስጥ የለም። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ለማቅለሽለሽ ሲባል እያስመለሱ ይህን ሁሉ መጓዝ ትርፉ ድካም ነው።

አኩፓንክቸር የሚሰጥ ማንኛውም ሰው የሙያ ፈቃድ ሊኖረው፣ መርፌውም ከታሸገ ጥቅል ወጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚወገድ ሊሆን ይገባል። ተደጋግሞ የሚያገለግል መርፌ የጉበት ብግነት ቢ ቫይረስንና ኤች.አይ.ቪን ያስተላልፋል፤ ሁለቱም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ናቸው። በቤት ውስጥ፣ በገበያ ወይም ፈቃድ በሌለው ሰው ዘንድ መርፌ መወጋት በማንኛውም ሁኔታ ተቀባይነት የለውም።

በአንጻሩ ጣት ከማንም ጋር አለ። ዝንጅብልም ከገበያ አይጠፋም። ትኩስ ዝንጅብል ተልጦ በስሱ ተከትፎ በፈላ ውሃ ከቆየ በኋላ ቀስ ተብሎ ቢጠጣ ለአንዳንድ እናቶች ፋታ ይሰጣል። ቃር የሚያሠቃያቸው ሴቶች ሊያብስባቸው ስለሚችል መጠኑን ማሳነስ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ አስቀድመው ባለሙያ ማማከር አለባቸው።

ስለ ዝንጅብል የተባለው በሌሎች የባህል መድኃኒቶች ላይ አይሠራም። ጤና አዳም በብዙ ቤቶች ጓሮ የሚገኝና ለሆድ ሕመም የሚሰጥ ተክል ነው። ለቡና ማጣፈጫ ከሚገባው ቅጠል አልፎ ተጨምቆ ወይም ተቀቅሎ በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል፤ በእርግዝና ወቅት በዚህ መልክ መወሰድ የለበትም። ኮሶም እንዲሁ ለነፍሰ ጡር የተከለከለ ነው። ማቅለሽለሹን የሆድ ትል ወይም ጨጓራ ነው ብላ ገና እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ብዙ ናት። የወር አበባዋ የቀረ ሴት ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰዷ በፊት በጤና ተቋም የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ይኖርባታል።

ምግብ፣ ሽታና ጾም

ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን ያብሳል፤ ከመጠን ያለፈ ምግብም እንዲሁ። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ይመከራል። ከመኝታ አጠገብ ዳቦ ቆሎ፣ ቂጣ ወይም ደረቅ ዳቦ ማስቀመጥና ከመነሳት በፊት ቀምሶ ጥቂት ደቂቃ ማረፍ ቀላል ዘዴ ነው። የተቀቀለ ድንች፣ አጥሚትና በሶ ከቅባትና ከበርበሬ ከበዛበት ወጥ ይልቅ ለሆድ ይስማማሉ። ፈሳሽ ከምግብ ጋር ሳይሆን በምግቦች መካከል፣ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ይሻላል።

ሽታ ብርቱ ቀስቃሽ ነው። የሽንኩርት ቁሌት፣ የሚነጠር ቅቤ፣ የጠላ ጥንስስ፣ የአረቄ ጭስና የማገዶ ጭስ ለአንዳንዷ እናት ወዲያውኑ ያስመልሳታል። በእነዚህ ሳምንታት ባል ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል ምግብ የማብሰሉንና የማገዶውን ሥራ ቢረከባት ከማንኛውም ነጥብ መጫን የበለጠ ሊረዳት ይችላል። የምታበስለው ራሷ ከሆነች በርና መስኮት መክፈት፣ ቢቻል ከቤት ውጭ ማብሰል ጭሱን ይቀንስላታል።

በጎጃም ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖሩ ብዙ እናቶች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች በመሆናቸው በዐቢይ ጾም ጊዜ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ምግብና ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። የምታስመልስ ነፍሰ ጡር ይህን ስታደርግ የሰውነቷ ፈሳሽ በፍጥነት ይቀንሳል። ጉዳዩን ከንስሐ አባቷ ጋር መነጋገሯና ሕመሟን በግልጽ መናገሯ አስፈላጊ ነው፤ የጾሙን ሰዓትና ዓይነት በተመለከተ የሚሰጣትን ምክር ከጤና ባለሙያው ምክር ጋር አስማምታ መሄድ ትችላለች። ጠበል ላይ ያለች እናትም የቅድመ ወሊድ ክትትሏን ማቋረጥ የለባትም።

በክትትል ወቅት የሚሰጠው የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል አንዳንድ ጊዜ ማቅለሽለሽን ያባብሳል። ይህን ምክንያት አድርገው እንክብሉን ለማንም ሳይናገሩ በቤት አስቀምጠው የሚተዉ እናቶች አሉ። ትክክለኛው መንገድ ማታ ከመኝታ በፊት ወይም ከምግብ ጋር መውሰድ ነው። ይህም ካልረዳ ለባለሙያው መንገር ይገባል፤ አወሳሰዱን ሊለውጥላት ይችላል። ፎሊክ አሲድ የፅንሱ የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር እንዳይጓደል የሚከላከል ሲሆን የሚያስፈልገውም በእነዚሁ ማቅለሽለሽ በሚበረታባቸው ሳምንታት ነው።

ወግ ያልሆነው ማስመለስ

ከመቶ ነፍሰ ጡር እናቶች እስከ ሦስት የሚሆኑት ሃይፐርኤሜሲስ ግራቪዳረም የተባለ ብርቱ ማስመለስ ይይዛቸዋል። ይህ ሕመም በጣት መጫን፣ በዝንጅብልም ሆነ በትዕግሥት አይድንም። ሕክምና ካላገኘ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ንጥረ ነገሮችን ያዛባል፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል።

ለ24 ሰዓት የበላችውም የጠጣችውም አልረጋ ያላት፣ ሽንቷ ጠቁሮ ያነሰ ወይም ለ8 ሰዓት ያልሸናች፣ ስትቆም የሚያዞራት ወይም የሚጥላት፣ ደም ያስመለሰች፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ከማህፀን የደም መፍሰስ ያለባት እናት በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለባት። የክብደት መቀነስም መለኪያ ነው፤ ከእርግዝናው በፊት 50 ኪሎ የነበረች ሴት 2 ኪሎ ተኩል ከቀነሰች ብርቱ ምልክት ነው። ሚዛን በሌለበት ቀሚሷና መቀነቷ መስፋቱ ይነግራል።

ማስመለሱ ከሌላ በሽታ የመጣ ሊሆንም ይችላል። ትኩሳት ካለ፣ በተለይም ወደ ዓባይ ሸለቆ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ሄዳ የተመለሰች ከሆነ፣ የወባ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ወባ በነፍሰ ጡር ላይ እጅግ ይከፋል። ዓይን ቢጫ መሆን የጉበት ሕመምን፣ ሽንት ማቃጠል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ያመለክታል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አዲስ የጀመረ ማስመለስ ከራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከእንብርት በላይ ካለ ሕመም ጋር ሲመጣ በእርግዝና ምክንያት የሚከሰት የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ለደቂቃ እንኳ መዘግየት የለበትም።

እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ ባለው መንገድ በጥቅሉ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ.፣ በተለምዶ ለምለም የሚባለው፣ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይረዳል።

በጤና ተቋም ባለሙያው ሽንትና ደም ይመረምራል፣ የደረቀውን ፈሳሽ በደም ሥር ይተካል፣ እንደ ሁኔታውም ቫይታሚን ቢ6ን ወይም እንደ ሜቶክሎፕራማይድ ያለ ማስመለስን የሚያስታግስ መድኃኒት ያዛል። እነዚህ መድኃኒቶች በነፍሰ ጡር እናቶች ዘንድ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ለገበያ ቀርቦ ለማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን አካል ጉዳተኛ አድርጎ በ1961 ከገበያ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ መድኃኒት በጥብቅ ይመረመራል። በባለሙያ የታዘዘን መድኃኒት መፍራት አያስፈልግም፤ ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ ግን ሊቀር ይገባዋል።

ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያለማቋረጥ ያስመለሰች እናት ሰውነት ታያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ1 ይጨርሳል። በዚህ ሁኔታ ላይ ታያሚን ሳይሰጣት አስቀድሞ ግሉኮስ በደም ሥር ቢገባላት አንጎሏ ሊጎዳ ይችላል፤ ምልክቶቹም ግራ መጋባት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየትና ሲራመዱ መንገዳገድ ናቸው። «ደክማለችና ግሉኮስ ይሰጣት» ብሎ መጠየቅ በከተማም በገጠርም የተለመደ በመሆኑ ይህን ቤተሰብ ቢያውቀው ይበጃል። እናቲቱ ወይም አብሯት የመጣው ሰው ማስመለሱ ስንት ሳምንት እንደቆየና ምግብ ከቀመሰች ስንት ቀን እንደሆናት አስቀድሞ መናገር አለበት።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በኢትዮጵያ በመንግሥት ጤና ተቋማት የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት ለእናቶች በነጻ ይሰጣል። ለዚህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል መሆን አይጠየቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 ሳምንት በፊት የሚጀምር ቢያንስ ስምንት ጊዜ የሚደረግ ክትትልን ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከሠለጠነ ባለሙያ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክትትል ያገኙ እናቶች 74 በመቶ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማቅለሽለሽ የሚበረታው በትክክል በእነዚሁ ሦስት ወራት ነው። ማቅለሽለሽ የጀመራት እናት እንደ መጥሪያ ቆጥራው ወደ ጤና ኬላ ብትሄድ ክትትሉን በሰዓቱ ትጀምራለች።

የመጀመሪያው በር በየቀበሌው ያለው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናቲቱን ትመዘግባለች፣ ምልክቶቹን ትጠይቃለች፣ ወደ ጤና ጣቢያም ትልካለች። እርግዝናዋን ለጎረቤት መግለጥ ያልፈለገች እናት ይህንኑ ለሠራተኛዋ መንገር ትችላለች፤ የተገልጋይ ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ሕመም ሲያጋጥም ጤና ጣቢያው ራሱ የሪፈር ወረቀት ጽፎ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ያስተላልፋል፤ በምሥራቅ ጎጃም ከፍተኛውን ሕክምና የሚሰጠው ደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በክረምት መንገድ በሚበላሽባቸው ቀበሌዎች ያሉ ቤተሰቦች ምልክቱ እስኪከፋ ሳይጠብቁ በወቅቱ ለጤና ኬላው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

ወደ ክትትል የምትሄድ እናት የመጨረሻ የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስመልሳት፣ የምትወስደውን ማንኛውንም እንክብልና የባህል መድኃኒት፣ እንዲሁም በእጅ አንጓ መጫንን ወይም ሌላ ዘዴ ሞክራ ከሆነ ያየችውን ለውጥ ለባለሙያው ትናገራለች። በቀደመ እርግዝናዋ በማስመለስ ምክንያት ሆስፒታል ተኝታ የነበረች እናት ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ማቅለሽለሹ እስኪጀምራት አትጠብቅም፤ የወር አበባዋ እንደቀረ ትሄዳለች።